ጳጉሜን ቆጥረዋል?

ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነበር። ታናሽ እህቴ በዋዜማው ሹሩባ ተሠርታ፣ ነጠላዋን አጥባ ተኝታለች። ጠዋት ስትነሳ የወር አበባዋ መጣ። ቅር እያላት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተሳለመች። እኔ ታቦቱ ገብቶ ስወጣ እዚያው በር ላይ አገኘኋት።

ያቺ ቀን በኋላ ብዙ ነገር ወሰነች። ብዙዎቻችን «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነው?» ስንባል ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። «ከጥምቀት በኋላ መሰለኝ» እንላለን። እህቴ ግን አልተጠራጠረችም። ሰኔ 12 ነው። ከአጥር ውጭ የቆመችበት ቀን።

የምጽፈው ስለ መጀመሪያ ወሊዷ ነው። ምጧ በራሱ አልመጣም፤ በመድኃኒት ነው የተጀመረው። የሆነው እዚሁ ጅማ ነው። ፈቃዷን ጠይቄያታለሁ። ጽሑፉንም አንብባ ሁለት ቦታ ላይ «እንዲህ አልነበረም» ብላ አርማኛለች። የእሷንም የሆስፒታሉንም ስም አልጽፍም። ዕድሜዋ 26 ነው። ጤነኛ ናት፤ ደም ግፊት የላትም፣ ስኳር የለባትም። እኔ ሁለት ወልጃለሁ፤ ሁለቱም በራሳቸው ሰዓት የመጡ ናቸው። ስለዚህ ወሊድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ይሄኛውን ግን አላውቀውም ነበር። በተለይ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር አላውቅም ነበር። መከራችንን ያበዛውም እሱ ነው።

የእናታችን ጣቶች

ክትትል የጀመረችው በ11ኛው ሳምንት ነው። ያኔ አልትራሳውንድ ታየች። ልኬቱና የሰኔ 12ቱ ቆጠራ የተለያዩት በሁለት ቀን ብቻ ነበር። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚታይ አልትራሳውንድ የእርግዝናውን ዕድሜ ቢስት በቀናት ነው። መጨረሻ ላይ የሚታይ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። ያኔ አንዱ ጽንስ ወፍሯል፣ ሌላው ቀጥኗል፤ በመጠኑ ዕድሜውን መገመት ይከብዳል። ካርዷ ላይ የመውለጃ ቀን ተብሎ መጋቢት 17 ተጻፈ።

እናታችን ግን የራሷ ሒሳብ ነበራት። ቡና እያፈላች፣ አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ አንጓ ላይ እያሳለፈች ትቆጥራለች። «ሐምሌ አንድ፣ ነሐሴ ሁለት፣ መስከረም ሦስት...» እያለች መጋቢት ላይ ዘጠኝ ትደርሳለች። ከዚያ አሥር ቀን ትጨምራለች። ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን። መጋቢት 22። አምስት ልጅ የወለደችው በዚህ ሒሳብ ነው። ማን ይከራከራታል?

መጋቢት 17 መጣ፤ አለፈ። ምንም የለም። ዝናብ ጠብ ብሎ ስለነበር በጎረቤታችን ጓሮ ያለው ቡና ነጭ አበባ ለብሶ ነበር። እህቴ እዚያ አጥር ሥር ወንበር አውጥታ፣ ያበጠ እግሯን ዘርግታ ትውላለች። ስልኳ አያርፍም። «እስካሁን አልወለድሽም እንዴ?» ነው ሁሉም የሚላት። የኢድ ሰሞን ነበርና ጎረቤታችን ቴምር ይዘው መጡ። «መርየም በምጧ ሰዓት የበላችው ቴምር ነው። ብይ ልጄ፣ አላህ ያቅልልልሽ» አሏት። በእጃቸው እያጎረሱ ሦስት አበሏት። በዚያ ሳምንት «አልወለድሽም?» ሳይሏት የሄዱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። እኔ፣ እናታችንና ባሏ አብረናት ነበርን። ወጣት ሐኪም ነው ያያት። ግፊቷን ለካ። የልጁን የልብ ምት አዳመጠ፤ በደቂቃ 142። ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው። በአልትራሳውንድ የእንሽርት ውሃው ደህና ነው። ከዚያ «41 ሳምንት ሞልታለች። አስተኝተን ምጥ እናስጀምርላታለን» አለ።

እናታችን አልተዋጠላትም። «ልጄ፣ ገና ሁለት ቀን እኮ ነው ያለፋት። ምን ያስቸኩላል? ሕፃን የራሱን ቀን ያውቃል።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ካርዱን አዙሮ አሳያት። «እናቴ፣ ጳጉሜን ቆጥረዋል?»

ዝም አለች። ጣቷን አነሳች። ሐምሌ፣ ነሐሴ ብላ ቆመች። ከነሐሴ ወደ መስከረም ስትሻገር አምስት ቀን ዘላ ኖሯል። እጇን ቀስ ብላ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ለካ...» አለች።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ሲቆጠር 280 ቀን ነው፤ 40 ሳምንት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ዘጠኝ ወር ላይ አሥር ቀን መጨመር ልክ ይመጣል። ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን የሚጨመረው አምስት ብቻ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ አራት። በ2016 አምስት ነበረች። ስለዚህ የእህቴ ቀን መጋቢት 17 ነው። በ24 ድፍን ሳምንት አልፏታል። እናቶቻችን ያወረሱን «ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን» የተሳሳተ አይደለም። ጳጉሜን ለምታልፍባት ነፍሰ ጡር ግን መቀነስ አለበት፤ አብዛኞቹ ላይ ደግሞ ታልፋለች።

አንድ ሳምንት ምን ያመጣል ላላችሁ፣ እኛም ጠይቀናል። እንግዴ ልጁ የተሠራው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ቀን ሲገፋ አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። የእንሽርት ውሃው ሊያንስ ይችላል። ልጁ ሆድ ውስጥ እያለ ካካ ሊል፣ እሱንም ወደ ሳንባው ሊስብ ይችላል። ሆድ ውስጥ የመሞት አደጋው በጠቅላላው ትንሽ ቢሆንም ከ41 ሳምንት በኋላ እየጨመረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቆጠራው በእርግጠኝነት ከታወቀ 41 ሳምንት ሲሞላ ምጥ እንዲጀመር ይመክራል። «በእርግጠኝነት» የምትለዋን ልብ በሉ። ያ የሰኔ ሚካኤል ቀንና ያ የ11ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ባይኖሩ ኖሮ፣ ከሐኪሙና ከእናታችን ማን ልክ እንደሆነ በምን እናውቅ ነበር?

ጠርሙሷ

ቆጠራውን በዚህ ጨዋነት ያስረዳን ሐኪም አንድ ነገር ሳይነግረን ሄደ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። ሌላ አልጋ ላይ የምትጮህ እናት ነበረች፤ ወደሷ ሮጠ። አልፈርድበትም። ግን ያ ያልተነገረን ነገር ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት አንገላታን።

እኔ «ምጥ ማስጀመር» ሲባል የገባኝ መርፌ ተወግታ በሁለት ሰዓት ትወልዳለች የሚል ነበር። ባሏም እንደዚያው ነው የመሰለው። ደጅ ወጥቶ ለዘመድ ሁሉ «ዛሬ ማታ ትወልዳለች» ብሎ ደወለ።

ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። የማህፀን በሯ ገና ጠንካራ ነበር። ረጅም ነው፣ ወደ ኋላ ዞሯል፣ የተከፈተውም አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የሚለኩበት ቢሾፕ የሚባል ነጥብ አሰጣጥ አለ። አምስት ነገር ይታያል፦ ስንት ተከፍቷል፣ ምን ያህል ሳስቷል፣ ለስልሷል ወይ፣ ወዴት ዞሯል፣ የልጁ ጭንቅላት ምን ያህል ወርዷል። ሙሉው 13 ነው። እህቴ ሁለት አገኘች። እንዲህ ያለ በር ላይ የምጥ መርፌ ቢሰጥ ብዙ ጊዜ ማህፀኑን ማድከም ብቻ ነው ትርፉ። መጀመሪያ በሩ መለስለስ አለበት። አንዳንድ ቦታ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ፊኛውን በውሃ ሞልተው በሩን ያላሉታል። ለእህቴ የተመረጠው ሚሶፕሮስቶል የሚባል፣ በአፍ የሚወሰድ በሩን የሚያለሰልስ መድኃኒት ነበር።

አዋላጇ አንድ ክኒን አመጣች። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። 200 ማይክሮ ግራም ናት። ለአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን 25 ብቻ ነው፤ ስምንተኛዋ። ያቺን ታህል ክኒን በምላጭ ስምንት ቦታ እኩል መክፈል ከባድ ነው። ስለዚህ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለባት ጠርሙስ ውስጥ ጨመረቻት። ነቀነቀቻት። ክኒኗ ሟሟች። ከዚያ በመርፌ ቀፎ 25 ሚሊ ሊትር ቀድታ ሰጠቻት። አንድ ጉንጭ ናት። ጠርሙሷ ላይ በፕላስተር ስምና ሰዓት ተለጠፈ። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ጉንጭ። ከእያንዳንዱ ጉንጭ በፊት ሆዷ ይዳሰሳል፣ የልጁ ልብ ይደመጣል። የመጀመሪያውን የጠጣችው ረቡዕ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው።

ማታ ዘመድ ደጅ ላይ ተሰብስቧል። «ወለደች?» «አልወለደችም።» «ምን እያደረጉላት ነው?» «ውሃ እያጠጧት ነው።» ይህች ቃል ከአፌ የወጣች እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አንዱ «ውሃ! ምጥ የያዛትን ሰው ውሃ!» አለ። ሌላዋ «እከሌን እንዲህ አቆይተው አቆይተው በመጨረሻ ኦፕራሲዮን አደረጓት» አለች። አንዲት አክስታችን ደግሞ ለባሏ በጆሮው «አውጣት፣ መርፌ ወግተው በሁለት ሰዓት የሚገላግሉ አሉ» አለችው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እባካችሁ ይህን ምክር አትስሙ፣ አትስጡም። ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ማህፀንን ያለ ዕረፍት ሊያኮማትር ይችላል። ልጁ ይታፈናል። ማህፀን ሊቀደድም ይችላል፤ በተለይ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም ብዙ የወለደች ሴት ላይ። የልጁን ልብ የሚያዳምጥ ሰው በሌለበት፣ ቢከፋ ኦፕራሲዮን ክፍል በሌለበት ቦታ አይነካም። ያቺ ክኒን ስምንት ቦታ የምትከፈለው በምክንያት ነው።

ባሏ ግራ ገባው። እኩለ ሌሊት ላይ ዘበኛውን ለምኖ ገባና «ኦፕራሲዮን አድርጉላት፣ እፈርማለሁ» አለ። ኦፕራሲዮን የሚያስደርግ ምንም ምክንያት አልነበረም። ልጁም እናቱም ደህና ነበሩ። ግን ደህና መሆናቸውን ወጥቶ የነገረን ሰው አልነበረም።

እህቴ የዚያን ሌሊት ብቻዋን ነበረች። አስታማሚ ሌሊት አይገባም ተብለን ነበር። ቁርጠቱ የወር አበባ ሕመም ይመስል እንደነበር ትናገራለች፤ ወገቧን ይዞ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከጎኗ ያለችው ገብታ ወለደች። አዲስ ሰው ተኛ። እሷም ወለደች። «እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ሰውነቴ እንቢ ያለ መሰለኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የሌሊት ተረኛዋ «አንቺ ገና ምጥ እንኳ አልጀመረሽም፣ ምን ያስጮህሻል?» አለቻት።

ነገሩ እውነት ነው። አነጋገሯ ግን ገደላት። ይህን ስትነግረኝ አሁንም ድምጿ ይቀየራል። «ለሦስት ቀን አረገዝኩት ያንን ቃል» አለችኝ። እዚያች ሰዓት ላይ «ዛሬ ሌሊት የምጥ ሌሊት አይደለም፣ በሩ የሚለሰልስበት ነው፤ ከቻልሽ ተኚ» ብትባል ኖሮ ያው እውነት መድኃኒት ይሆናት ነበር።

የጓንት ካርቶን

ሐሙስ ጠዋት ተረኛ ተቀየረ። የመጨረሻው ጉንጭ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተጠጥቶ ጠርሙሷ ባዶ ሆናለች። ማለዳ ሲመረምሯት በሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፣ ለስልሷል፣ ሳስቷል። ነጥቧ ከሁለት ወደ ዘጠኝ ወጥቷል። ያ ሁሉ «ምንም አልሆነም» ስንል ያደርንበት ሌሊት ይህን ሠርቷል።

የቀን ተረኛዋ ሲስተር ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ዝቅተኛ ሴት ናት። እኔን አስገባችኝ። አንድ ሰው አብሯት ይሁን አለች። ከዚያ ያለቀ የጓንት ካርቶን ቀደደችና በእስክሪብቶ ክቦች መሳል ጀመረች። ትንሽ ክብ፣ ከፍ ያለ ክብ፣ እያለች አሥር። «ይቺ ትናንት የመጣሽባት ናት። ይቺ አሁን ያለሽባት። ወደዚህ ነው የምንሄደው።» አምስተኛዋን ክብ ሁለቴ አከበበቻት። «ምጥ ብለን መቁጠር የምንጀምረው ከዚህ ነው። እስካሁን ያለው መንገድ መጥረግ ነው። ከዚህች ክብ በኋላ የመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አትደንግጡ።»

ይህን ከልቧ እንዳላመጣችው በኋላ ገባኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ዋናው ምጥ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት ያለው እንደ ሴቷ ይለያያል፤ ገደብ አይቀመጥለትም። የጓንት ካርቶኗን ወደ ደጅ ይዤ ወጣሁ። ለባሏና ለእናታችን አሳየኋቸው። ባሏ አምስተኛዋን ክብ በጣቱ ነክቶ «ገና አልጀመረችም ማለት ነው?» አለ። «አልጀመረችም።» ግንብ ተደግፎ ቁጭ አለ። ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር፤ ሄዶ ሻይና ዳቦ በላ።

ከመጨረሻው ጉንጭ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጠዋት 2 ተኩል ላይ ጉሉኮሱ ተሰቀለ። ውስጡ ኦክሲቶሲን አለበት፤ ሰው «የምጥ መርፌ» የሚለው። በደቂቃ 20 ጠብታ ተጀመረ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ሲስተር ጠብታውን የእጅ ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች። ከዚያ መዳፏን ሆዷ ላይ ታሳርፍና አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች። በአሥር ደቂቃ ስንት ጊዜ ጠነከረ፣ እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ ቆየ። የሚፈለገው ሦስት ወይም አራት ነው፤ እያንዳንዱ 40 ሰከንድና ከዚያ በላይ።

ቀን 7 ሰዓት ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር። ሲስተር ወረቀቷ ላይ ጻፈች። እህቴ ካርቶኗን ጠይቃ አየችና ተኛች። አሁን ምጡ ሌላ ነው። መሐሉ ላይ መነጋገር አይቻልም። ወገቧን በእጄ ስጫናት «እዚያው፣ እዚያው ያዢኝ እትዬ» ትለኛለች። «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ። እሷም ትላለች። ከማዶ አልጋ ያለችው «ያ አላህ» ትላለች። ከመስኮቱ ውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

8 ተኩል ላይ ነው የፈራሁት። ጠብታው 60 ደርሷል። ምጡ አንዱ ሳይሄድ ሌላው መጣ። እህቴ ትንፋሽ የምታወጣበት ክፍተት አጣች። ሲስተር እጇ ሆዷ ላይ ነበር። «ስድስት» አለች ለራሷ። በአሥር ደቂቃ ከአምስት በላይ መሆን የለበትም። የልጁን ልብ የሚያሰማውን መሣሪያ፣ ዶፕለሩን፣ ሆዷ ላይ አስቀመጠች። እስካሁን ፈረስ እንደሚጋልብ የሚሰማው የልጁ ልብ ዘገየ። ቱክ። ቱክ። ቁጥሩ 96 ይላል። መሆን ያለበት ከ110 እስከ 160 ነው።

አልጮኸችም። አንድ እጇ የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ ዘጋው። በሌላው እህቴን ወደ ግራ ጎኗ አዞረቻት። ሌላ፣ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ በፍጥነት ከፈተች። «ልጅሽ ትንሽ ዕረፍት ፈልጓል፣ መድኃኒቱን አቁሜዋለሁ። በረጅሙ ተንፍሺ» አለቻት። ለሌላዋ አዋላጅ ሐኪሙን ጥሪ አለች። ያንን ሁሉ ለማድረግ አንድ ደቂቃ የፈጀባት አይመስለኝም። ዶፕለሩን እንደያዘች ቆመች። 96። 104። 118። 138። እኔ የማርያምን ስም መጥራት እንኳ ረስቼ ነበር።

ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ በ30 ጠብታ ተጀመረ። ከዚያ በላይ ማድረግ አላስፈለገም። የኦክሲቶሲን ጥሩነቱ ይሄ ነው፤ ሲዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ግን የሚዘጋው እጅ አጠገቡ መኖር አለበት። የዚያን ቀን የሲስተር እጅ እዚያ ነበር። ያቺን ሴት ዕድሜ ልኬን አልረሳትም።

እንኳን ማርያም ማረችሽ

ምሽት 1 ሰዓት ላይ አሥር ሞላ። 50 ደቂቃ ገፋች። ስለዚህ ክፍል ብዙ አልጽፍም፤ የእሷ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ የሕፃኗ ጭንቅላት ሲታይ ሲስተር የእህቴን እጅ ይዛ አስነካቻት። እርጥብ ጸጉር። እህቴ ያኔ ነው የሳቀችው።

ሐሙስ መጋቢት 25፣ ምሽት 1 ሰዓት ከ50 ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። 3,400 ግራም። ወዲያው አለቀሰች። ደረቷ ላይ አስተኟት። እህቴ ጭኗ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ተወጋች፤ ይሄኛው ደም እንዳይፈስ ነው። እትብቱ ተቆረጠ፣ እንግዴ ልጁ ወጣ። ትንሽ ተቀዶ ነበር፣ በማደንዘዣ ተሰፋ። ሕፃኗ ሰዓት ሳይሞላ ጡት ያዘች። የዓይን ቅባትና የቫይታሚን ኬ መርፌም ተሰጣት።

ደጅ ወጥቼ ለእናታችን ነገርኳት። እልልታዋን አቀለጠችው። ዘበኛው «እናት፣ ቀስ ይበሉ» አላት፣ ከዚያ ራሱም «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ። በማግስቱ ማታ ወደ ቤት ገባን። ሁዳዴ ነበር፤ ለአራስ ግን ጾም የለምና እናታችን ገንፎውን ሠርታ መሐሉን በቅቤ ሞላችው። ጎረቤታችን ደግሞ የቀረውን ቴምር ይዘው መጡ።

ጠያቂው ሁሉ ግን አንድ ነገር ነው የሚለው። «ሁለት ቀን አማጠች አሉ፣ ውይ ስታሳዝን!» እህቴ መጀመሪያ ዝም ትል ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዷን አረመቻት። «ሁለት ቀን አላማጥኩም። ከመጀመሪያው ጉንጭ እስክወልድ 32 ሰዓት ነው። ምጡ ግን ሰባት ሰዓት አይሞላም።» ሴትየዋ አልገባትም። እህቴ ካርቶኗን ከትራሷ ሥር አወጣች።

ይህ ለምን ልዩነት ያመጣል? በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ከእህቴ ወሬ ተነስተው «እኔ መርፌውን አልወስድም፣ ሁለት ቀን ያስምጣል» ብለው ነግረውኛል። አንዷ ቀኗ የገፋ ናት። እህቴ ካርቶኗን ይዛ ቤቷ ድረስ ሄደችና ቁጭ ብላ አስረዳቻት።

እኔ ለማንኛውም ሆስፒታል አንድ ነገር ብለምን እሱን ነው። ስታስተኟት ንገሯት። ሌሊቱ የመለስለሻ ነው፣ ምናልባት ነገም ከነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል፣ ቆጠራው ከአምስት ነው በሏት። ደጅ ላለውም አንድ ሰው ወጥቶ ይንገረው። ካርቶኑን ለመሳል የፈጀው ሦስት ደቂቃ ነው። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አይቻለሁ፤ ሌሊት አንዲት አዋላጅ ስንት አልጋ እንደምትይዝም አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ሦስት ደቂቃ ባሏን እኩለ ሌሊት ላይ «እፈርማለሁ» ከማለት ያድነው ነበር። ለቤተሰብ ደግሞ የምለው፣ ጥያቄያችሁን በር ላይ አትተዉት። «ስንት ሰዓት ይፈጃል? በሩ ስንት ላይ ነው? የልጁ ልብ ደህና ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

በ2017 ሰኔ 12 ሚካኤል ሐሙስ ዋለ። እናታችን ከዋዜማው ጀምሮ ጣቷን ስታነሳ ስትጥል ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናትም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። «ከመጋቢት 25 ሚያዝያ፣ ግንቦት... ሁለት ቀን ይቀራታል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጳጉሜን እዚህ መሐል የለችም አይደል?»

«የለችም እማዬ።»

ታቦቱ ገብቶ ስወጣ እህቴ ከዓመት በፊት የቆመችበት አጥር ሥር ቆማለች። ልጇን በነጠላዋ አቅፋታለች፤ ሕፃኗ ጸሐይ እንዳይነካት ፊቷን በጥላዋ ጋርዳላታለች።